ብቻዋን የማትበላው ልጅ

ሀና ማርያም አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኬጂ መምህርት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጆቹን ምሳ የመከታተል ሥራ ተደረበልኝ። የሳምንቱን ምግብ አወጣለሁ፣ ከአብሳይዋ ጋር እመካከራለሁ፣ ሲቀርብም ቆሜ አያለሁ። ባልደረቦቼ አዘኑልኝ፤ እኔ ግን ወደድኩት። አንድ ልጅ ዛሬ የጠላውን ምግብ በሳምንቱ ጠርጎ የሚበላበትን ምክንያት ማወቅ ሁሌም ያጓጓኛል።

ሳህን የሚመለስበት መስኮት አጠገብ እየቆምኩ የተረፈውን እመለከታለሁ። ቀይ ሥር ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል፤ ልጆቹ ምላሳቸውን አውጥተው የማን የበለጠ እንደቀላ ይወዳደሩበታል። ጥቅል ጎመን እንደቀረበ ይመለሳል። ካሮት ተቆራርጦ ለብቻው ከመጣ አይነካም፤ ደቆ ምስር ወጥ ውስጥ ሲገባ ግን ማንም አይነቃበትም። ይህን የደረስንበት ከአብሳይዋ ጋር ስንሞክር ስንሳሳት ነው። እሷ በዕድሜ ለእናትነት የምትደርሰኝ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሳህኖቹ ባዶ ከመጡላት ዝም ትላለች፣ ከተረፈ ደግሞ እኔን ታየኛለች።

አምና መስከረም ላይ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ መጣች። ያደገችው ቡታጅራ አካባቢ ወንድ አያቷ ዘንድ ነው። እናቷ እዚህ ሀና ማርያም ትንሽ ሱቅ ስትከፍት ሁለቱንም አመጣቻቸው። ልጅቷ በክፍል ውስጥ ንቁ ናት፤ ፊደል ስትቆጥር ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እጇን ታጥባ፣ ሳህኗ ፊት ቁጭ ብላ፣ ምግቧን ሳትነካ ትቀራለች። አታለቅስም፣ አታኮርፍም። በዙሪያዋ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ እያየች ትቆያለች። ሌሎቹ ሲጨርሱ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ ምንም ሳታፈስ፣ እንደሞላ ትመልሳለች።

መጀመሪያ ምግቡ አዲስ ሆኖባት ነው ብዬ ገመትኩ። ሽሮው፣ ቅንጬው፣ እንቁላሉ ተራ በተራ ተመለሰ። አብሳይዋ ከእንግድነት ነው፣ ይለቃታል አለችኝ። ማንም ልጅ እምቢ ብሎት የማያውቀው ፓስታ እንኳ ተመለሰ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አጎረስኳት። ጎረሰች፤ በደንብ አላምጣ ዋጠች። ደስ ብሎኝ ማንኪያውን እጇ ላይ አስይዣት ሌሎቹን ለማየት ተነሣሁ። ዞር ብዬ ሳያት ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ማታ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ነገርኳት። ደነገጠች። ልጄ ቤት እስክትጠግብ ነው የምትበላው፣ አሟትም አያውቅ አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ቅዳሜ ቤት መጥቼ አብሬያቸው ምሳ እንድበላ ጋበዘችኝ።

«እርስዎ ራስዎ ይዩዋት» አለች።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቆጮና ጎመን በአይብ በትልቅ ትሪ መሐል ላይ ቀረበ። አያትየው ታጥበው ተቀመጡ፤ ልጅቷ ጎናቸው ተለጠፈች። ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው ቆጮውን ቆረሱ፣ ጎመን ጠቅልለውበት መጀመሪያ ለእሷ አጎረሱ። እሷም በተራዋ በዚያች ትንሽ እጇ ጠቅልላ ለሳቸው አጎረሰች፤ ግማሹ ጢማቸው ላይ ቀረ። ቀጥሎ ለእናቷ፣ ቀጥሎ ለእኔ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ መብላት ጀመረች። እንዴት ያለ አበላል! ትክ ብዬ እንዳላያት ራሴን መቆጣጠር ነበረብኝ።

እጃችንን ስንታጠብ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት።

«ትምህርት ቤት ለምንድን ነው የማትበዪው?»

«ብቻዬን?» አለችኝ፤ ነውር ነገር እንዳዘዝኳት ዓይነት።

«ብቻሽን አይደለሽም እኮ፤ ጓደኞችሽ ሁሉ አብረውሽ ናቸው።»

«እነሱም ብቻቸውን ነው የሚበሉት፣ ሚስ።»

እናቷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቁም። ልጅቷ መቀመጥ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ከአንድ ትሪ ሲበሉ እንደኖሩ፣ እሳቸው ከእርሻ ቢዘገዩ እንኳ ሳትበላ እንደምትጠብቃቸው ነገሩኝ። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ወደ ጀሞ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው የነበረው የመመገቢያ ክፍላችንን ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ እኩል የተለካ ወጥ። ቆሜ ያየሁት ሁልጊዜ ሳህን ሳህኑን ነበር።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩን አንድ ጠረጴዛ ላይ በትሪ እንድሞክር ጠየቅኋቸው። የንጽሕናውን ነገር አነሡ፤ ደግሞም ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል አሉኝ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የልጆቹ እጅ በሳሙና ሲታጠብ እኔ ራሴ እንድቆም፣ አብሬያቸውም እንድበላ ተስማምተን ፈቀዱልኝ። አብሳይዋ ትሪውን ስታቀብለኝ ፈጣኑ የዘገምተኛውን ይጨርስበታል ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እንዳለችውም ሆነ። አንዱ ልጅ እንቁላሉን በሙሉ ወደ ራሱ ሰብስቦ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ እንቁላል ለየእጃቸው ይሰጣል። ጎመኑ ግን ገረመኝ። ልጅቷ ለጎኗ ልጅ ጎመን አጎረሰች፤ ሳህኑ ላይ ቢሆን የሚገፋው ልጅ እምቢ ማለት አፍሮ ነው መሰለኝ ዋጠው። ከዚያ እሱም አጎረሳት። እሷም በላች፣ ከትሪው ጥግ ያለውን ሳይቀር።

ለሁሉም ክፍል ትሪ ማቅረብ አልቻልንም፤ ሳሙናው፣ ቦታው፣ የሚያግዝ ሰው አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን ተባለ። በቀሩት ቀናት እንዴት ልትሆን ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። እሷ ግን መላ አገኘች። ሳህኗ ሲቀርብላት መጀመሪያ ከራሷ ላይ በማንኪያ ቀድታ ለጎረቤቷ ታጎርሳለች፣ አፏን ከፍታ መልሱን ትጠብቃለች፣ ከዚያ የራሷን ትበላለች። ሳምንት ሳይሞላ ጠረጴዛው በሙሉ ተጋባበት። ምሳው ይረዝማል፣ ጠረጴዛው ይቆሽሻል፣ አብሳይዋም ሳህኖቹ ዘገዩብኝ ትላለች፤ ግን ባዶ ነው የሚመጡላት። መምህራኑም አሁን ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን እንበላለን። ከጉርሻውና ከእኛ መቀመጥ የትኛው የበለጠ እንደሠራ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

ልጅቷ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ አግኝቻት ምሳ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ጨው ያንሰዋል» አለችኝና ገመድ ወደሚዘሉት ጓደኞቿ ሮጠች።