ለአባቴ ያስተረጎምኩበት ቀን

አባቴ የደሴ ሰው ነው። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሯል። እናቴ ስትሞት ብቻውን እንዳይሆን ብዬ እኔ ወደምኖርበት ከተማ፣ ሄይዋርድ አመጣሁት። ያኔ እኔ በዲቪ ከመጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ የባሕር ወሽመጡን ድልድይ ተሻግሬ ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ ክፍል አጸዳለሁ። ባልም ልጅም የለኝ። አባቴ ሲመጣ ቤቴ ሰው ገባበት ብዬ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለን። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፣ ቀጥሎ ማንኪያ መያዝ፣ ከዚያ ከመቀመጫ መነሣት። ሽንቱም ያመልጠው ጀመር። ጠዋት ጠዋት አጥቤው፣ አልብሼው፣ ምሳውን አጠገቡ አስቀምጬ ሥራ እሄዳለሁ። ሽርጡን ሳይፈታ ነው የማጥበው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ እኔ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ሥራ ቦታ ወሬ እያወራሁ ቶሎ እጨርሳለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እንደዚያ ነበር የቻልነው።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ነገሩን የነገረችኝ። "ቤት ውስጥ ሽማግሌ ለሚረዳ ሰው መንግሥት ይከፍላል እኮ፣ ለምን አፕላይ አታደርጊም?" አለችኝ። በገንዘቡ ሥራዬን በግማሽ ቀንሼ አብሬው እውላለሁ ብዬ አሰብኩ። ፎርሙን ሞላሁ። ስንት ሰዓት እርዳታ እንደሚያስፈልገው የምትወስን አንዲት ሶሻል ወርከር ቤት ድረስ ትመጣለች ተባልኩ።

እንግዳ ይመጣል ስለው አባቴ ኮቱን አልብሺኝ አለ። ሴትዮዋ ስትገባ የሶፋውን ክንድ ይዞ፣ እንዴት እንደቻለ እስካሁን አላውቅም፣ ብቻውን ብድግ ብሎ ቆመ። አስተርጓሚ በስልክ ላስገባ ወይ ብላ ጠየቀች። "ልጄ አለች አይደል እንዴ!" አለ።

"ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ?" አለችኝ። ጠየቅኩት።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ራሳቸው ይበላሉ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎብኝ።"

"ሽንት ቤትስ?" ይህን ስተረጉም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ በያት።"

ፈጣሪ ይመስገን ይላል አልኳት። "ፋይን" ብላ ጻፈች። እንግዳ ፊት አባቴን ውሸታም ላደርገው አልቻልኩም። ስትነሣም ምሳ ሳትበላ እንዳትወጣ በያት ብሎ አስቸገረኝ።

ውጤቱ በደብዳቤ መጣ። በሳምንት ሰባት ሰዓት። ሰባቱም በደቂቃ ተከፋፍለዋል፦ ለቤት ጽዳት ይህን ያህል ደቂቃ፣ ለምግብ ማብሰል ይህን ያህል፣ ለገላና ለሽንት ቤት ምንም። በሰባት ሰዓት ክፍያ ሥራ መቀነስ አይታሰብም። እንደ ድሮው ምሳውን አጠገቡ አስቀምጬ መውጣቴን ቀጠልኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ወደቀ። ከሥራ ስመለስ ጉንጩ ሴራሚኩ ላይ ተለጥፎ፣ ሽርጡ ረጥቦ አገኘሁት። "መጣሽ?" አለኝ፣ በር ስከፍት ሁልጊዜ እንደሚለው። ክንዱ ተሰብሮ ነበር። አራት ሰዓት ያህል እዚያው ወለሉ ላይ ተኝቷል።

እንደገና እንዲታይልን አመለከትኩ። ባልደረባዬ በዚህኛው ዙር አስጠነቀቀችኝ። "ደህና የዋለበትን ቀን እንዳትነግሪያት። በጣም የከፋበትን ቀን ንገሪያት። ካልነገርሻት አይሰጡሽም።"

ያችው ሴትዮ መጣች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። አባቴም ክንዱ በጀሶ ታስሮ ያንኑ መለሰ። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር አወራሁ። አይታጠብም፣ እኔ ነኝ የማጥበው አልኳት። ሽንቱ ያመልጠዋል። በሳምንት ስንት ጊዜ? አራት፣ አምስት። ሰገራስ? አዎ፣ እሱም አንዳንዴ። ፓምፐር ይጠቀማሉ? አዎ። ማን ይቀይርላቸዋል? እኔ። እየጻፈች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከፊቷ ላይ ሰዓቱ እንደሚጨምር አየሁና ያልጠየቀችኝንም ጨመርኩላት። አባቴ ምንጣፉን ነበር የሚያየው። ስትወጣ ምሳ ብዪ አላላትም።

በሩን ዘግቼ ስመለስ፣ "ያልኩትን ነው የነገርሻት?" አለኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"እኔ አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩት። በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ይረዝማል?"

አሰብ ወደብ ላይ ከመርከበኛ ጋር በእንግሊዝኛ ሲግባባ የኖረ ሰው ነው፣ እዚህም ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ነው የሚውለው። ምን ያህል እንደሰማ አልጠየቅኩትም። ሁሉንም ሰምቷል።

ሰዓቱ ጨመረ። ሥራዬን ቀነስኩ። ግን በየሁለት ሳምንቱ የሠራሁበት ሰዓት የሚሞላበት ፎርም አለ፤ ታማሚው መፈረም አለበት። የመጀመሪያውን ሳቀርብለት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እርስዎን የረዳሁበት ነው አልኩት። በሚንቀጠቀጥ እጁ ይዞት ቆየ።

"ስታጥቢኝ ይከፍሉሻል?"

"ሥራ የቀነስኩት በዚህ ነው፣ አባባ። አብሬዎት እንድውል ነው።"

ፈረመ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥበው ዓይኑን አይጨፍንም። ግድግዳውን ያያል። እኔም የማወራው ጠፋኝ።

ክረምት ላይ ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ገባ። ሊወጣ ሲል አንዲት ሠራተኛ ወደ ቤት ይመለስ ወይስ ነርሲንግ ሆም፣ ታማሚ የሚጦርበት ቤት፣ ይግባ ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ወደ ቤት ልላት አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። "ነርሲንግ ሆም" አለ፣ ራሱ፣ በእንግሊዝኛ። ወዲያው ወደኔ ዞሮ፣ "የማያውቀኝ ይጠበኝ" አለ።

የሱን የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚቀበል አልጋ የተገኘው ሳን ሆዜ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ክፍል። እዚያ ደቂቃ የሚቆጥር የለም። አልጋው፣ ምግቡ፣ የሚያገላብጠው ሰው፣ ሁሉም በመንግሥት ይከፈላል። እኔ ቤት ሆኖ ገና ከመጀመሪያው በቀን ሁለት ሰዓት ቢጨምሩለት ኖሮ ወጪው ከዚህ ስንት እጅ ያነሰ ነበር። ሰዓት የሚወስነው ቢሮ ላለች አንዲት ሠራተኛ ይህን ብነግራት ሁለቱ የተለያየ ፕሮግራም ናቸው አለችኝ። ደሴ ያለው ወንድሜ ደግሞ በስልክ፣ "አባታችንን ለፈረንጅ ጣልሽው" ብሎ ሰደበኝ። ራሱ ነው የመረጠው ብለው ለምን መረጠ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። አንድ ፊሊፒናዊ ሠራተኛ ልብሱን እየቀየረለት ሁለቱ ይሳሳቃሉ። አባቴ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ስለ መኪና የሆነ ነገር እያወራው ነው፤ ሲስቅ ከሰማሁት ዓመት አልፎኛል። በሩ ላይ ሲያየኝ አንሶላውን ወደ ደረቱ ሳበ። "ውጭ ቆዪ" አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሲጠሩኝ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብርቱካን ልጬለት አንድ ሁለት ክፋይ በላ። ስለ ቤቱ ጠየቀኝ፣ ስለ መኪናዬ ጎማ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ "በይ ሂጂ፣ ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ" አለኝ።

እሑድ ሥራ የለኝም። እሱም ያውቃል። እሺ ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።