መሶቡ ውስጥ የገባው ሽጉጥ

ሚስቴ አሮጌ ሽጉጥ መሰብሰቤን የምታየው እንደ ጣውንት ነው። በቅርቡ የመጨረሻ ቃሏን ሰጠችኝ፦ «አንድ ተጨማሪ እዚህ ቤት ከገባ፣ ያሉትም ተጠራርገው ይወጣሉ። ሁሉም!» ያሉት ታች ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ካዝና ተቆልፎባቸው ነው የሚኖሩት። ከእኔ የተሻለ ይኖራሉ። ጥይት አያውቁም፤ እኔ ብቻ አልፎ አልፎ ዘይት እየቀባሁ እወለውላቸዋለሁ፣ የጥይት ማቀፊያቸውን አሽከርክሬ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማለሁ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ «ለማየት ብቻ» ብዬ እዚሁ አሜሪካ ከወንዝ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እዚያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ አሜሪካዊ ከመስታወቱ ሥር አንድ ሽጉጥ አወጡልኝ። እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ አፈሙዙ እንደ ግመል አንገት የረዘመ። በዕድሜው ብዛት ወረቀት እንኳ አይጠየቅበትም፤ ጥይቱን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ከነባለቤቱ አፈር ሆኗል። ባዶ መሆኑን ከፍተው አሳዩኝ። ገዛሁት።

ድልድዩን ተሻግሬ ሜሪላንድ ስገባ ከኋላዬ የመጣ መኪና ሁሉ ፖሊስ መሰለኝ፤ ፖስታ የሚያድለው ሳይቀር። ከፖሊሱ ይልቅ ግን ሚስቴን ነበር የፈራሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ስደርስ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። ለካ የሚስቴ የጽዋ ማኅበር ተራው እኛ ቤት ነው!

በጓሮ በር ገባሁ። ቤዝመንቱን የማኅበርተኛው ልጆች ወረውታል። መኝታ ቤቱ የኮት ተራራ ሆኗል። ሚስቴ ከሳሎን «መጣህ?» ስትል ደነገጥኩና፣ ኩሽናው ጥግ ያየሁት ባዶ መሶብ ውስጥ፣ ከታች ከተነጠፈው ጨርቅ ሥር፣ ሽጉጡን በፎጣ እንደተጠቀለለ ከተትኩት። መሶቡ ባዶ የሆነው ጽዋው ለጸሎት ጠረጴዛ ላይ ስለወጣ መሆኑን ማን ነግሮኝ? የኔ ድርሻ እኮ ወንበር ማቀበልና ፓርኪንግ ማሳየት ብቻ ነው።

ጸሎቱ አለቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ጽዋው ወደ መሶቡ ተመለሰና ለቀጣይዋ ባለተራ፣ ከአስፐን ሂል ለመጡት አዛውንት ተሰጠ። ብድግ ሲያደርጉት ወገባቸውን ያዙ።

«ውይ! ምነው ዛሬ ከበደ?»

«በረከቱ በዝቶ ነው» አሉ ጸሎቱን ያደረሱት ቄስ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ጣናን የሚሞላ ላብ አላበኝ። ሽጉጡ ሰው መሐል ዱብ ሲል፣ ቄሱ ሲያማትቡ፣ ሚስቴ ካዝናውን ስታራግፍ ታየኝ።

«ስጡኝ እማማ፣ እኔ መኪናዎ ድረስ ላድርስልዎ» ብዬ ተንደረደርኩ። ሚስቴ ዓይኗን አጠበበች። አንድ ሰሃን አንስቶ የማያውቅ ሰውዬ!

መኪናቸው ጋ ስንደርስ፣ እሳቸው ቁልፍ ሲፈልጉ፣ እጄን ከጨርቁ ሥር ሰደድኩ።

«አንተ! ከጽዋ ላይ ትሰርቃለህ?»

«ኧረ የራሴን ነው እማማ…» ፎጣው ተፈታ።

አዩት። «ጥይት አለው?»

«ባዶ ነው፤ እርስዎን ይንሳኝ።»

«ሚስትህስ ታውቃለች?»

«አደራዎን እማማ፣ እንዳይነግሩብኝ።»

«ጽዋ ይዤማ አልዋሽልህም» አሉና ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ። «አንቺ ልጅ! ነይማ፣ ባልሽ የሚነግርሽ አለው!»

ሚስቴ በነጠላ ጫማ መጣች። ሽጉጡን አየች፣ እኔን አየች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ «ምረጥ» አለችኝ፤ «ይሄ ወይስ ታች ያሉት?»

ሰኞ ዕለት አሌክሳንድሪያ መለስኩት። ሽማግሌው ገልብጠው እያዩ «ምን ጎደለው?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው፤ ድምፄ የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር።

ታች ያሉት ተርፈዋል። የካዝናው ቁልፍ ግን አሁን የሚስቴ ማተብ ላይ ነው የሚውለው፤ ለመወልወል ስፈልግ አስፈቅጄ ነው። ወሬው የደረሰው ማኅበርተኛም ጽዋ ሲረከብ መጀመሪያ መሶቡን በእጁ ይመዝናል፣ ቀጥሎ ዞር ብሎ እኔን ያየኛል። እኔም በየወሩ፣ ምንም ሳልደብቅ፣ ያልበኛል።