ታምራት ብድግ ባለ ቁጥር

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የኮሌጃችን ዲን አቶ ላምቤቦ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆመዋል። ከአዲስ አበባ የመጣችው ኢንጂነር ሰላም መስኮቱ ሥር ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ታምራት በሰርቨሮቹ መደርደሪያና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ቁጢጥ ብሏል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት እዚሁ ሆሳዕና ከተማ ነው። የማልረሳው፣ ጨዋነት ሥራ ሲያበላሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በኮንትራት መለሱኝ። አዲሱ ዕቃ ተፈትሾ ርክክብ እስኪደረግ ድረስ በስሜ ስለሆነ ርቄ መሄድ አልችልም። ክፍሉ ደግሞ ለመሣሪያዎቹ ሲባል ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ ይነፋበታል። ስለዚህ ወጣ ብዬ ፀሐይ እሞቅና እመለሳለሁ።

ሥራውን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ሦስት ሰርቨሮች አሉ። የተማሪዎቹ መረጃ የሚቀመጠው ግን ለብቻው ባለ ትልቅ የዲስክ ሳጥን ውስጥ ነው። በመካከላቸው ስዊች የሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች ተገጥመዋል። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ካርድ አለው፤ የአንዱ ገመድ ወደ አንደኛው ስዊች፣ የሌላው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ከጊምቢቹ ወደ ሆሳዕና ሁለት መንገድ አለ እንበል፤ አንዱን ጎርፍ ቢቆርጠው በሌላው ይመጣል። ታምራት ገመዱን ዘርግቶ፣ የትኛው ካርድ የትኛውን ዲስክ ማየት እንዳለበት ስዊቾቹ ላይ አንድ በአንድ ሲያስተካክል ሰንብቷል።

አቶ ላምቤቦ ሥራውን መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ድርጅት ሊሰጡት ነበር። ታምራት “እኔ እችላለሁ” ብሎ ለመናቸው። ሰላም የመጣችው የእሱን ሥራ ልትፈትሽ ነው። ካለፈ የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል። ከወደቀ ወደ ተማሪዎች ላብራቶሪ ተመልሶ የኪቦርድ አቧራ ሲያራግፍ ይውላል። ይህንን ዲኑ ፊት ለፊት ነግረውታል።

ፈተናው ተጀመረ፤ እስኪያልቅ ድረስ ከሁለቱ መንገዶች አንዱም መቋረጥ የለበትም። እኔ ከፀሐይ ተመልሼ ገባሁ።

ታምራት ብድግ አለ። “ኖር፣ እማማ!”

“በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ” አልኩት።

“ጠፋ!” አለች ሰላም። “ሁለተኛው መንገድ ተቋረጠ።”

ታምራት ተመልሶ ቁጢጥ ሲል መንገዱ መጣ። ሰላም ፈተናውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። እኔ ወጣሁ። ስመለስ ታምራት ተነሳ፤ መንገዱም ጠፋ። በሦስተኛው አቶ ላምቤቦ አላስቻላቸውም።

“እትዬ፣ ማግኔት ይዘው ነው እንዴ የሚዞሩት?”

የታምራት ፊት በዚያ ብርድ አልቦታል። የሰርቨሮቹን ካርዶች ስም እየጠራ ሁሉም ልክ መሆናቸውን ለዲኑ ያስረዳል፤ ዲኑ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሰላም ግን “እማማ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ወጥተው ይግቡልኝ” አለችኝ። የሠርግ ልምምድ የማደርግ ይመስል ወጥቼ ገባሁ። በዚህ ጊዜ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን ታምራትን ነበር።

“ትከሻህ!” አለች።

ለካ ሲነሳ ትከሻው የገመዶቹን እስር ወደ ላይ ይገፋዋል። የአንዱ ገመድ ጫፍ መያዣ ፕላስቲኩ ተሰብሯል። ታምራት ሲነሳ ይላቀቃል፣ ሲቀመጥ ይመለሳል።

“ለምንድን ነው ግን የምትነሳው?” አለችው።

“እማማ ገቡ እኮ!”

“ቢገቡስ?”

“እናንተ አዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ትላላችሁ እንዴ?”

አቶ ላምቤቦ ሳቁ። “አባቱን አውቃቸዋለሁ። እሳቸው ቤት እንግዳ ሲገባ ያልተነሳ ልጅ እራት አይበላም።”

ሌላ ትርፍ ገመድ ተፈለገ፤ ያለው ሁሉ አጭር ሆነ። ሰላም “ያስተካከልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ገመዱን እልክልሃለሁ። ፈተናው ሳይቋረጥ ካላለቀ ግን አልፈርምም። ጫፉን በጣትህ ደግፈህ ያዘው። ንጉሥም ቢገባ እንዳትነሳ!” አለችው።

ዲኑ ወንበር ሰጡኝ። አሁን መግባት መውጣት የለም፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ብዬ ወሰንኩ። ስክሪኑ ላይ ፈተናው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ።

ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ገባ። ነጠላዬን ሰብሰብ ሳደርግ ታምራት አየኝ።

“በረደዎት እማማ? ጃኬቴን…” ብሎ በአንድ እጁ ዚፑን መፍታት ጀመረ።

“ጣትህን!” ብላ ጮኸች ሰላም።

“አልበረደኝም” አልኩ። ጥርሴ ግን ይንቀጫቀጭ ነበር።

መስመሩ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እዚያ ብቆይ ልጁ ጃኬቱን ማውለቁ አይቀርም። ልሂድ ብል ደግሞ ይባስ፤ በር ድረስ ሊሸኘኝ ይነሳል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲወጣ ተቀምጦ የሚያይ የለም። እኔም በዕድሜዬ ሰው ካለበት ቤት ሳልሰናበት ወጥቼ አላውቅም።

ታምራት የስዊቹን መብራት ለማየት ፊቱን ሲያዞር፣ ወንበሩ እንዳይንቋቋ በሁለት እጄ ይዤ ተነሳሁ። አቶ ላምቤቦ አዩኝና ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

ደህና ዋሉ ሳልል ወጣሁ።