ከመስመሩ አንድ ጣት ያለፈው ካራዬ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና በጥር፣ የእህቴ ልጅ በተዳረች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ካራዬን ልስል በተቀመጥኩ ቁጥር አንዲት ፖሊስ ትዝ ትለኛለች። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ከብዕር ይልቅ ከእርፍ ጋር ይስማማል። የተሳሳተ ካለ እናንተ አቃኑት፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

የምኖረው ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው፣ አራሽ ነኝ። በአገራችን ሰርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር በሬውን የምባርከው እኔ ነኝ። ሦስት ብረት አለኝ። ካራው ለማረድ፣ ቢላዋው ቆዳ ለመግፈፍ፣ ሰንጢው ለጅማት። ሦስቱም ለሌላ ነገር አይነኩም።

በሰው ካራ አላርድም። ድሮ አንድ ጊዜ ባዶ እጄን ሄጄ የባለቤቱን ካራ ተቀበልኩ። ዶልዱሞ ኖሯል። በሬው ተሠቃየ። እኔም ያን ለት ከሥጋው አንድ ጉርሻ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ ካራ ካልሆነ አይሆንም ብዬ ማልኩ።

ይህች ሙሽራ አባቷ ሞቷል። በአባቷ ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ። በሬው ደብረ ማርቆስ ታስሮ ይጠብቀኛል፤ በማግስቱ ጠዋት ነው የሚታረደው። እንግዲህ ብረቶቼን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ከላይ አድርጌ ሉማሜ መናኸሪያ ደረስኩ።

ፍተሻ አለ። አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ላይ በቀይ ቀለም አጭር መስመር ተሰምሮበታል። አንድ ወጣት ፖሊስ ከረጢቴን ከፍቶ እጁን ሰደደ።

«ኧረ! አባባ ዳቦ ሥር ካራ ደብቀዋል!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ደሜ ፈላ። «ምን ደበቅኩ? ሰው እንዳይቆርጥ ነው የጠቀለልኩት! ዳቦውን ከሥር አድርጌ ላድቅቀው ነበር?» አልኩት።

ይኼኔ ያቺ ፖሊስ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ናት። ካራውን ከባልደረባዋ ተቀብላ ወደ እኔ ዘረጋችው። «የእርስዎ ነው አባባ?» አለችኝ።

እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። «አስቀምጪው! በእኛ ቤት ካራ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል። አንቺ ታስቀምጫለሽ፣ እኔ አነሳለሁ።»

ወጣቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «አላወቅኩም፣ ይቅርታ» አለችና ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። ከቀዩ መስመር የረዘመ ስለት ከተሳፋሪ ጋር መኪና ውስጥ አይገባም። ሰንጢውን ለካች፣ አለፈ። ቢላዋውን ለካች፣ መስመሩ ጋ ቆመ፣ አለፈ። ካራው ግን ሦስት ጣት ተረፈ።

«አለካክሽ ልክ አይደለም» አልኳት። «እጀታው ሥር ያለው ብረት አይቆርጥም፤ በጣትሽ ዳሺው። ከሚቆርጥበት ጀምረሽ ለኪ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። በጣቷም ዳሰሰችው። «እውነትዎን ነው» አለችና ከሚቆርጥበት ጀምራ እንደገና ለካች። አሁን አንድ ጣት ብቻ ተረፈ።

«አንድ ጣት ናት!» አልኩ።

«አንድ ጣት ናት» አለች። በዚህ ላይ አልጨመረችም፣ ከዚህም አልቀነሰችም።

አንዲት ተሳፋሪ ከኋላዬ፣ «ልቀቂያቸው እንጂ! እኝህ ሽማግሌ ማንን ሊወጉ ነው?» አለች።

«እሳቸው ማንንም አይወጉም እናቴ። ግን ለእሳቸው ከለቀቅኩ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጎረምሳ ምን ብዬ ልከልክለው?»

እውነቱን ልናገር፣ እሷን ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ግን አፌን ሞልቼ አልነገርኳትም። እዚያው ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «እንግዲያው አልሄድም። ካራዬን ጥዬ አልሄድም፣ በሰው ካራም አላርድም» አልኩ።

የሚኒባሱ ረዳት መጣ። «አባባ፣ ማርቆስ ካራ ጠፍቶ ነው? ይግቡ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!»

«አንተ ዝም ብለህ መኪናህን ንዳ!»

«እኔ ምን እነዳለሁ፣ የሚነዳው ሾፌሩ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ወደ ቤት ብመለስ ያቺ አባት የሌላት ልጅ በሰርጓ ቀን ምን ይሰማታል? ብሄድና በባዕድ ካራ ባርድ ደግሞ መሐላዬ።

ፖሊሷ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «የሰው ካራ ምን አደረገዎት?» አለችኝ። ስለዚያ በሬ ነገርኳት፣ ስለ ሙሽራዋም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ ተነሥታ ለአለቃዋ ስልክ ደወለችና ተመለሰች።

«እርስዎ ይዘውት አይገቡም። ግን ታሽጎ ሾፌሩ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይሄዳል። ማርቆስ መናኸሪያ ያሉ ጓዶች ተቀብለው ይሰጡዎታል» አለችኝ።

አላመንኳትም። «እኔ ስሄድ ሽንኩርት ልትከትፊበት ነው?»

ያኔ ነው የሳቀችው። «አባባ፣ በዚህ ሽንኩርት ብከትፍ ጣቴም አብሮ ይከተፋል!»

ስለቱን አይታልኛለች ማለት ነው። ትንሽ ለዘብ አልኩ።

ካርቶን አምጥታ ጠቀለለችው፣ በሲባጎ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ሁለት ወረቀት ጻፈች፤ አንዱን ከካራው ጋር አሰረች፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ የማነበው አዝግሜ ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባ ይነፋል። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ማርቆስ እስክንደርስ ዓይኔን ከዚያ ሣጥን አልነቀልኩም። ረዳቱ፣ «አባባ፣ አይበርም እኮ!» ይለኛል።

ማርቆስ ስንደርስ አንድ ጢሙ የጎፈረ ግዙፍ ፖሊስ ጥቅሉን ተቀበለ። ወረቀቱን አነበበ። ሲባጎውን ፈታ። እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። በቃ፣ ካራዬ ተበላ አልኩ በልቤ።

ሰውየው ካራውን እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጋደመው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቀና «ያንሱት አባባ» አለኝ።

ካራዬን አነሳሁ። «ይህን ማን ነገረህ?»

«ተጽፏል እኮ» አለኝ።

የራሴን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። መንገደኛው እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ቆሜ ፊደል በፊደል እለቅማለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ካራው የማረጃ ነው። በደንብ የተሳለ ስለሆነ ስትፈቱ ተጠንቀቁ። ባለቤቱ ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉም። አስቀምጡላቸውና እሳቸው ያንሱት።»

ዓይኔ ዕንባ ሞላው። እኔ እንደዚያ ስጮህባት፣ እሷ የእኔን ቤት ወግ ይዛ ወረቀት ላይ አስፍራዋለች።

በማግስቱ በሬውን በአንድ ስበት ባረክኩት። ሙሽራዋም ጉልበቴን ስማ ሄደች።

ስመለስ ሉማሜ ወርጄ፣ ገና እንደሚሳፈር መንገደኛ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ማርቆስ ላይ ታሽጎ የመጣውን ጥቅል ገና ከሾፌሩ ሣጥን ማንሳቴ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ፈታሁና ካራውን ከመስመሩ ጋር አጋደምኩት። ልጅቱ አየችኝ፣ ካራውንም አየችው።

«አሁንም አንድ ጣት ይተርፋል አባባ» አለች።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ አላጥር አለ» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከተረፈው ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። እሱን በእጇ ተቀበለችኝ።

ወረቀቷ ዛሬም ከካራው መጠቅለያ ጨርቅ ጋር ታስራ አለች። ጎረቤቴ ጫፉን አንድ ጣት አስቆርጠውና ተገላገል ይለኛል። አላስቆርጠውም። እሷም መስመሩን ለእኔ ብላ አታስረዝምም፣ እንዲህ በመሆኗም አከብራታለሁ። ለሰርግ በተጓዝኩ ቁጥር እሷ ትለካለች፣ እኔ እከራከራለሁ፣ ካራው ታሽጎ ማርቆስ ይገባል።