የእንድሪስ ሦስት እርምጃ

ጨፋ ሮቢት ከብት ገበያ ላይ ደላላው እንድሪስን የማይፈራ ሌባ የለም። «ማመን ቀብሮ ነው» ይላል፤ የገዛ ጥላውንም አያምንም። ከብቱን አየት አድርጎ ያልፋል፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ «ቆይ!» ብሎ ዞሮ ያፈጣል። ከሚሴ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ልጁ ፈይሩዝ ትስቅበታለች።

«አባ፣ ፈረንጆቹ ለዚህ ስም አላቸው፤ ደብል ቴክ ይሉታል። ሰውየው መጀመሪያ አይቶ ዝም ይላል፤ ድንጋጤው ዘግይቶ ሲደርስ መልሶ ያያል።»

«እስኪደርስ ሌባው ይሄዳላ!» ይላታል።

አንድ ሰኔ የጎረቤቱ የዘሊካ በሬ ተሰረቀ። ባሏ ሞቶባታል፤ አሁን ተጠምዶ አብሮት የሚያርስ ቅንጃ የሌለው አንድ በሬ ታቅፋ ቀረች።

«ወንድሜ እንድሪስ፣ ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው። ይህ ዝናብ ሳልዘራ ካለፈ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?» አለችው።

ሮብ፣ በገበያው ዕለት፣ እንድሪስ ያልጠረጠረው ሰው የለም። አንድ እንግዳ ነጋዴ ዐይኑን ሰበር ስላደረገ ብቻ በሬዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየበት። ምንም የለም። ወዲያው ታናሽ ወንድሙ ሙጂብ ቀይ በሬ እየጎተተ ከነገዢው መጣ።

«አካም ጂርታ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። የወንድም ከብት አይፈተሽም፣ ነውር ነው። የበሬው ግንባር ደማቅ ብርቱካንማ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጺም ሁሉ እንዲያ ስለሆነ ዐይኑ ለምዶታል። ገዢው ዋስ ሲጠይቅ እንድሪስ «እኔ አለሁ!» አለና አለፈ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ።

«ያ ረቢ! በሬ ደግሞ ምን ሊሆን ሂና ይቀባል?»

ዞረ። ሙጂብ አንገቱን ደፍቷል። እንድሪስ የእናቱን ልጅ ገበያ መሀል ከሚያዋርድ መሬት ብትውጠው በወደደ። ግን የዘሊካ ማሳ ጦም ሊያድር ነው።

«ይኼ የዘሊካ በሬ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ዘሊካ ዘራች። ሽማግሌ ገባ፣ ሙጂብ ካሰ፣ ወንድማማቾቹም ታረቁ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። እንድሪስ ያልፍና ሦስት እርምጃ ሄዶ ዞሮ ያያል። ሙጂብም ያውቃል፤ እስኪዞር ድረስ ከቆመበት አይነቃነቅም።