ዑድ ውስጥ ያሠለጠንኳቸው ሴቶች

ዓረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ክሊኒኩ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከበሽታቸው ጋር ስለ መኖር የሚወያዩበት ፕሮግራም አለው። አገር ቤት ነርስ እንደነበርኩ የምታውቅ አንዲት ሐኪም፣ አወያዮች ሲሠለጥኑ እኔንም አስገባችኝ። ስጨርስ፣ ለሐበሻ ሴቶች በአማርኛ የሚመሩ አወያዮችን እኔ ላሠልጥን ብዬ ተነሣሁ።

ዑድ የሚባል ሰፈር ውስጥ የቀን ሥራ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ተጋርተው የሚኖሩበት ክፍል ነበር። ዓርብ ከሰዓት ይለቁልናል፤ ፍራሾቹን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርገን እንቀመጣለን። ለሥልጠናው የሚመጡት ጥቂት ሴቶች ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች፣ ሁሉም በሽተኞች ነበሩ።

በችሎታዋ ከሁሉም የምትበልጠው ዑረይጃ ሰፈር የምትሠራ የወሎ ሴት ነበረች። ኢንሱሊን ትወጋለች። አሠሪዎቿ እንዳያዩባት መድኃኒቷን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከቅጠላ ቅጠሉ ሥር ትደብቃለች።

አወያይ አይመክርም፤ ይጠይቃል። ሁሌም የሚጠይቀው፣ ሰውየው ለሳምንቱ ያቀደውን ነው። በልምምዱ የወሎዋ ሴት አወያይ፣ ጓደኛዋ ታማሚ ሆኑ።

«በሰዓቱ እበላለሁ» አለች ታማሚዋ።

«ሰዓቱን ማን ይወስናል?»

«ማዳም ናታ!»

«እሺ፣ በአንቺ እጅ ያለውስ ምንድን ነው?»

ጓደኛዋ «ውኃ መጠጣት» አለች። ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ቶሎ አለቀ።

አንድ ዓርብ የወሎዋ ሴት የራሷን እቅድ የምትናገርበት ተራ ደረሰ። «ለማዳሜ በሽታዬን እነግራታለሁ» አለች።

ደንቡን ረስቼ «ተይ እህቴ፣ ይቅርብሽ» አልኳት።

«የማዳሜን ሕፃን እንዳቀፍኩ ዞረብኝ። ብጥለውስ ኖሮ? ደግሞስ እኔ ደብቄ ሌላውን አትደብቁ ልበል?»



ሄዳ ነገረቻት። ማዳሟ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም አለቀሰች። ከዚያ ግን ባሏን ጠራች። ከፊሏ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ በስሙ የሆነው አሠሪ፣ እሱ ነው። «እቤቴ ብትሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ኸላስ፣ አበቃ!» ብሎ የመመለሻ ወረቀቷን አስጨረሰ።

ከአውሮፕላን ማረፊያ ደወለችልኝ። «እቅዴን ፈጽሜያለሁ» አለች፣ ልክ ስብሰባ ላይ እንደምትናገረው ረጋ ብላ። «ሌሎቹን እንዳታስቆሚ። እኔም አገር ቤት ለውይይት ሰው አሰባስባለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

በቀጣዩ ዓርብ ሌሎቹ መጡ። እቅድ ልናገር የሚል ግን ጠፋ። አንዷ «ነገ አወያይ ሆነን ስንቀመጥ፣ ያቺ ልጅ ተናግራ ምን አገኘች ቢሉን ምን እንላለን?» አለች። መልስ ሲጠፋ ጥያቄውን ራሱን መልሳችሁ ለቡድኑ ስጡ ይላል ሥልጠናው። እኔም መልሼ እነሱን ጠየቅኳቸው። ፍራሾቹን ወደ ቦታቸው መልሰው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

እሷ አገር ቤት ከገባች በኋላ አልፎ አልፎ ትደውል ነበር። በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ ኢንሱሊን የለም፤ ደሴ ሄዳ ነው የምታመጣው፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ያለ መድኃኒት ትቀመጣለች። ሰው አሰባሰብሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላነሣችውም። ኋላ ስልኳ መሥራት አቆመ። አሁንም እሞክራለሁ፤ አይሠራም።

ፕሮግራሙ ክሊኒኩ ውስጥ በዓረብኛ ቀጥሏል። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ወንበሮቹን ክብ አድርጌ እደረድራለሁ፤ ሲጨርሱ ገብቼ ወለሉን እወለውላለሁ።