የጌትነት ሪከርድ

ልጅ እያለሁ በመካነ ኢየሱስ ከተማ አንዲት የቪዲዮ ጌም ነበረች። አንዲት ስል አንዲት ማለቴ ነው፤ እኔም ነበረኝ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ የእኛ ሰፈር ልጅ አይደለም። መዳፍ የምታክል፣ ቢጫ ፕላስቲክ፣ መስኮቷ የሐምሌ ሰማይ የመሰለ ግራጫ፣ ከላይ ወደ ታች ጡብ የምታወርድ ዕቃ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ጌትነት መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ሲመለስ ጎንደር ላይ ገዝቷት መጣ። እሷን ለማየት ከስማዳ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ። ግን የሰፈሩ ልጅ በሙሉ አገጩን ጌትነት ትከሻ ላይ ደርድሮ ነበር የሚውለው። የሸሚዙ ትከሻ ከክርኑ ቀድሞ ያለቀው በእኛ ንፍጥ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። የተለያየ ቅርጽ ያለው ጡብ ይወርዳል፤ እያዞርህ ክፍተት ሳትተው ትደረድራለህ። አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ብልጭ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ቁጥርህም ይጨምራል። ክፍተት የተውህበት ግን አይጠፋም፤ እየተቆለለ ጣሪያ ሲነካ ጨዋታው ያልቃል። ለጡቦቹ ስም አውጥተንላቸው ነበር፤ አራት ማዕዘኑ ሳጥን፣ ቆልማማው ማጭድ፣ ቀጥ ያለው ረጅሙ ደግሞ ሞፈር። ዛሬ ልጆቼ "ታዲያ ምኑ ነው ደስ የሚለው?" ይሉኛል። ደስታው ቁልፉን መጫኑ ላይ አልነበረም፤ ሞፈርን መጠበቁ ላይ ነበር። ጌትነት ሁሉንም ደርድሮ በዳር በኩል አንድ ቀጭን ጉድጓድ ይተዋል። ሳጥን ይመጣል፣ ማጭድ ይመጣል፣ እንደገና ማጭድ ይመጣል፤ ቁልሉ ወደ ጣሪያ ሲጠጋ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንቆማለን። እሱ ወይ ፍንክች። "ምን ያጣድፋችኋል? ሞፈር ከወገዳ ተነስቷል። መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ነው" ይለናል። ሞፈር ሲወርድ አራቱ መስመር በአንዴ ይጠፋና የከተማው ውሻ በሙሉ እስኪጮህ ድረስ እንጨፍራለን።

አባባ ግን አልወደዷትም። አባባ መሪጌታ ነበሩ፤ ጆሯቸው ለዜማ የተሠራ ነው። ጌሟ ስትከፈት የምታሰማውን ሙዚቃ ሰምተው፣ "ግዕዝ አይደል፣ ዕዝል አይደል፣ አራራይ አይደል፤ ይኼ ጩኸት ከየትኛው ደብር ነው የመጣው?" አሉ።

"ከቻይና ነው አባባ" አለ ጌትነት።

"እንዲህማ ከሆነ አገሩ መሪጌታ የለውም" ብለው ፀበል ረጩባት። ጌሟ እንኳን ልትደነግጥ የዚያን ቀን ከወትሮው ጠንክራ ጮኸች። አባባ የሚጠሉት ሌላው ነገር የእኔ ውሸት ነበር። አንዲት ጥንቸል ካየሁ ነብር አየሁ እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ነብሩ ጥንቸል እስኪሆን ድረስ በልምጭ ያስተካክሉኛል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ጌትነት እንደገና ወደ መተማ ሊወርድ ተነሳ። በሚሄድበት ዋዜማ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ እኛ ከኋላው ተደርድረን፣ ማንም ያልደረሰበትን ሪከርድ አስመዘገበ። ጠዋት ጌሟን ለእኔ ሰጠኝ። እጁ ከዓመት በፊት ያጨደውን ሰሊጥ አሁንም የሚሸት ይመስለኝ ነበር። "የባትሪ ድንጋዩን እንዳታወጣው። ድንጋዩ ከወጣ ቁጥሩ ይጠፋል። ስመለስ ራሴ ነኝ የምሰብረው፤ እስከዚያ ጠባቂው አንተ ነህ" አለኝ።

ይኼ ቀላል አደራ አልነበረም። ያኔ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ያልተሻለው እንደሆነ በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገዋለን። የእኔ ድንጋይ ግን እንደ ታቦት ከመንበሩ አይነሳም። ስለዚህ ጌሟን በቀን አንዴ ብቻ ከፍቼ፣ ቁጥሩ መኖሩን አይቼ፣ መልሼ እዘጋታለሁ።

ጥቅምት ላይ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሰብለ ተባለች። ኅዳር ገባ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ዓለም በሙሉ ደግ ሆኖ ጠበቀኝ። ባለሱቋ ከረሜላ በእፍኝ ሰጠችኝ። የቤት ሥራ ባለመሥራቴ ሁልጊዜ የሚያንበረክከኝ አስተማሪ ራሴን ዳበሰኝ። ብይ ስንጫወት የሰፈሩ ቀንደኛ አጭበርባሪ ሆን ብሎ ተሸነፈልኝ። እኔም መልኬ አምሮ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ለብዙ ቀን በየመስታወቱ ፊት ስቆም ከረምሁ።

እቤት ውስጥ ግን እናቴ መጠየቅ ጀምራለች። "መሪጌታ፣ ከቆላ የመጣ ሰው የለም? ሰሊጡ አላለቀም እንዴ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል" ይሉና አባባ መቋሚያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ጓሮ ቆመው ምንም የሌለበትን አጥር ሲያዩ ይቆያሉ።

እናቴ ስትከፋ ማየት አልወድም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ "መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ነው እማዬ" ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ አፌ አልቆም አለ። ጌትነት የአጫጆች አለቃ ሆኗል፤ ትራክተር ይነዳል፤ ሙቀቱ ከመብዛቱ የተነሳ እንቁላል ኪሱ ውስጥ ይቀቅላል፤ ጅብ እንኳ ሲያየው ቆሞ ያሳልፈዋል አልሁ።

"ማን ነገረህ?" አለች፤ ግን እየሳቀች፣ ሕፃኗን በሳቅ እንዳታነቃ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

"ከመተማ የመጣ ሹፌር።"

ለካ አባባ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። ልምጩ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁ። አባባ ግን ገብተው ተቀመጡ፤ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት እያዩ፣ "እሺ፤ ከዚያስ?" አሉኝ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ። በየቀኑ አዲስ ወሬ አመጣ ጀመር። አባባም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብለው ይሰሙኛል፤ ትራክተሩ ትልቅ ነው ወይ ብለውም ጠይቀውኝ ያውቃሉ።

ታኅሣሥ ላይ የጌሟ መስኮት ፈዘዘ። ቁጥሩ እያየሁት የሚሟሟ ሆነ። ጓሮ ተደብቄ ሳለቅስ አባባ ደረሱብኝ።

"ምን ሆንህ?"

"ድንጋዩ ሊያልቅ ነው።"

"ታዲያ ሌላ አይገባበትም?"

"አሮጌው ከወጣ ቁጥሩ ይጠፋል።"

"የማን ቁጥር?"

"የጌትነት። ሲመጣ ምን እለዋለሁ?"

አባባ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ያቺን ፀበል የረጩባትን ጌም ከእጄ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሏትና "ተነስ" አሉኝ።

የሄድነው መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከአያ ሞላ ዘንድ ነው። በእኛ አገር ሬዲዮ ያለው ሰው የደከመ ድንጋይ አይጥልም፤ ብዙውን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ውስጥ ደርድሮ በሽቦ ከሬዲዮው ጋር ያገናኘዋል፤ የደከመው ከደከመው ጋር ተደጋግፎ ዜና ያሰማል። የዚህ ሥራ ጌታ አያ ሞላ ነበር። ያገኘውን ሁሉ የሚያበሽቅ ሰው ነው። መሪጌታ ጌም ይዘው ሲመጡ ለዓመት የሚበቃ ሳቅ አገኘ ብዬ ጠበቅሁ። አባባ "ቁጥሩ ሳይጠፋ ድንጋዩ ይቀየርልን" ሲሉት ፊታቸውን አየ፤ አልሳቀም። አዲስ ድንጋይ ቀርከሃው ውስጥ አስገብቶ፣ ሁለት ሽቦ አውጥቶ፣ የጌሟን ጀርባ ከፈተ።

"አዲሱ ከውጭ እያበላት አሮጌው ይወጣል። መሪጌታ፣ እነዚህን ሽቦዎች እዚህና እዚህ ይያዙልኝ። ከለቀቋቸው አለቀች።"

አባባ ያዙ።

"እጅዎ አይንቀጥቀጥ።"

"አይንቀጠቀጥም" አሉ፣ እየተንቀጠቀጠ። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ዝንፍ የማይሉት ሰውዬ፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ ይዘው ላብ አጠመቃቸው፤ ከንፈራቸው ዳዊት ይደግማል። አያ ሞላ አሮጌውን አውጥቶ ሌላ አዲስ አስገባና መስኮቷን ወደ እኔ አዞረ። ቁጥሩ አለ፤ እንደውም ደምቋል። "አልጠፋም፤ አይዞዎት መሪጌታ" አለ አያ ሞላ። አባባ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። የብየዳው ጭስ ነው አሉኝ። ያን ቀን ምንም የተበየደ ነገር አልነበረም።

ጥር ላይ ሰብለ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሳች። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ካህናቱ አሸበሸቡ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። ጌትነት በወባ ሞቶ እዚያው መተማ ከተቀበረ ሰንብቷል። አራስ መርዶ አትሰማም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ልጇም ትጎዳለች ተብሎ ከተማው በሙሉ አፉን ይዞ ከረመ። ከረሜላውም፣ የአስተማሪው እጅም፣ ብዩም ያ ነበር። አባባ ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው "ከዚያስ?" ያሉኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "ያን ሁሉ ወሬ ከየት አመጣኸው?"

"ከራሴ።"

"ትራክተሩን ወድጄው ነበር" አለችኝ። ከዚያ ጌሟን አምጣ አለች። ፊደል አልቆጠረችም። "የቱ ነው የእሱ?" ስትለኝ አሳየኋት፤ ጣቷን መስኮቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ታየው ጀመር። ድንጋዩ በደከመ ቁጥር አባባ ወደ አያ ሞላ ይሄዳሉ፤ ሽቦውንም የሚይዙት ራሳቸው ናቸው።

ሰብለ መዳህ ስትጀምር አንድ ቀን ጌሟን ከአልጋው ጥግ አገኘቻት። ስንደርስ ክዳኑ ወልቋል፣ ድንጋዩ አፏ ውስጥ ነው። መልሼ ብከተው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የእናቴ እጅ ከለከለኝ። ድንጋዩን ከሕፃኗ አፍ አውጥታ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ "ወንድሟ አይደል? ትውሰደው" አለች።

አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ልጆቼ በስልክ ይጫወታሉ። የእነሱ ጌም ቁጥሩን ራሱ ያስቀምጣል፤ ስልኩ ቢሰበር እንኳ አይጠፋም። ሲሸነፉ አንድ ማስታወቂያ ካዩ ሌላ ነፍስ ይሰጣቸዋል። በጣም ጥሩ ነው፤ የእውነቴን ነው። ግን እያንዳንዳቸው ጆሯቸውን ደፍነው በየጥጋቸው ነው የሚጫወቱት፤ ማንም በማንም ትከሻ ላይ አይተነፍስም። መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ነው የሚላቸውም የለም።

አባባ አርፈዋል። ሰብለ ደብረ ታቦር አስተማሪ ናት፤ የማታውቀውን ወንድሟን ከእኔ አፍ ነው የምታውቀው። በበዓል እናታችን ቤት ስንገናኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ ዘንድሮም ጠየቀችኝ።

"ያ ያጠፋሁት ሪከርድ ስንት ነበር?"

ነገርኋት። ትንሽ አሰበችና፣ "አምና ያልኸኝ ከዚህ ያንስ ነበር" አለች።

"እያሻሻለ ነው" አልኋት።